ወሎ በመስኮቱ ውስጥና በመስኮቱ ፊት፦ የቴሌቪዥን ታሪክ በደሴና በኮምቦልቻ ቤቶች



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ የማይመጥን መስሎ ሊታይ ይችላል። በደሴ ፒያሳ ወይም በኮምቦልቻ ዋና መንገድ ዳር ባሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ በየዕለቱ የሚነሳ ጥያቄ ነው፦ «አዲስ ቴሌቪዥን ልገዛ ነው፤ ስንት ኢንች ይሻለኛል? ኢንተርኔት ይቀበላል? ፍላሽ ያነብባል?» ሻጩ በሁለት ደቂቃ ይመልሳል፤ ገዢው ካርቶኑን በባጃጅ ጭኖ ይሄዳል። እኔ ግን ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ ያለው ነው እላለሁ። ወደ ቤት የገባ ቴሌቪዥን ሁሉ፣ ባለቤቱ አሰበበትም አላሰበበትም፣ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይዞ ይገባል። ምስሉ ከየት ይመጣል? የሚታይበትን ሰዓት ማን ይወስናል? ከታየ በኋላስ በማን ጎተራ ይቀመጣል? በአጭሩ ምንጩ፣ ሰዓቱና ጎተራው ልንላቸው እንችላለን። በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ያለፉትን ስድሳ ዓመታት ስንመረምር፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ከቴሌቪዥን ጋር የነበረው ግንኙነት ከሌላው አካባቢ የተለየ መልክ እንዳለው እናያለን።

ከተመልካችነት በፊት መታየት

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ዕለት ነበር። ዕለቱ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ አዲሱ መሣሪያ ከዙፋኑ ክብር ጋር አብሮ እንዲታይ ተፈልጎ ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ፣ ሥርጭቱም በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተወሰነ ነበር። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ለደሴ ሰው ቴሌቪዥን ማለት አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ የሚያወራው ነገር ነው።

ወሎ ወደ ቴሌቪዥን የገባው በሌላ በር ነው። በ1965 ዓ.ም. ድርቁና ረሃቡ በበረታ ጊዜ፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የተጓዙ መምህራን ፎቶግራፎች ይዘው ተመልሰው በግቢያቸው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። ይህን የማነሳው በተለይ ለእናንተ ለተማሪዎች ነው፤ የወሎን ረሃብ በምስል ካጋለጡት ቀዳሚዎች መካከል የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከቡድኑ ጋር ወደ ወሎ መጥቶ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ ያዘጋጀው ዘገባ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የለንደን ሰው በሳሎኑ ተቀምጦ የወሎን ገበሬ ሲያይ፣ በኢትዮጵያ መስኮት ግን ጉዳዩ አልቀረበም።

ያ ፊልም በሀገር ውስጥ የታየው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ምሽት፣ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ድግስና ከባለሥልጣናት ቅንጦት ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አስቀርጾ አስተላለፈው። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። የአብዮቱን መንስኤዎች ለአንድ ፊልም መስጠት ስሕተት ነው፤ የገበሬው ብሶት፣ የወታደሩ አመጽ፣ የተማሪው እንቅስቃሴ፣ የነዳጅ ዋጋ መናር ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ያን ምሽት የተቀናበረ ምስል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ሁሉም ተረድቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ያን ምሽት በመስኮቱ ውስጥ የታዩት የወሎ ሰዎች በመስኮቱ ፊት አልነበሩም። ምስላቸው ከአገራቸው ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተመልሶ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ለሌላ ዓላማ ተቆርጦና ተቀጥሎ ሲታይ፣ እነርሱ አላዩትም፤ ፈቃዳቸውም አልተጠየቀም።

ይኸው ከአሥር ዓመት በኋላ ተደገመ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ ሲያከብር ቴሌቪዥኑ ወደ ቀለም ተሸጋገረ። ሳምንታት ሳይቆዩ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ከሙሐመድ አሚን ጋር ያቀረበው ዘገባ ተላለፈ። በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በማለዳ ጭጋግ ውስጥ በዓለም ዙሪያ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ታየች። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» የሙዚቃ ዝግጅትም የዚህ ዘገባ ውጤት ነበር። በአንድ መጸው ሁለት ቀለማት ታዩ ማለት ነው፤ የአዲስ አበባው የሰልፍ ቀይና የኮረም የአቧራና የጋቢ ቀለም። ርዳታው የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ የውጭው ዓለም «ወሎ» ወይም «ኢትዮጵያ» ሲባል የሚያስበው ምስል በዚያ ማለዳ ተቀርጾ ቀረ። ፊልሞቹ ለውጭ ጣቢያዎች የተሠሩ ናቸውና ጎተራቸውም በውጭ ነው። የአያቱን ዘመን በዓይኑ ማየት የሚሻ የወሎ ልጅ የሌላ ሰው ማኅደር በር ማንኳኳት ይኖርበታል።

ተራራውና ሞገዱ

ቴሌቪዥን ወደ እኛ አካባቢ ሲዘልቅ የገጠመው ቀዳሚ ባላጋራ የመሬቱ አቀማመጥ ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በጦሳ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። የምድር ቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲገጥመው አይታጠፍም ብንል ከእውነት አንርቅም። ስለዚህ ሥርጭቱ ከጉብታ ወደ ጉብታ በማይክሮዌቭ ቅብብሎሽ መምጣት ነበረበት። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ከፍ ያለ ሰፈር ያለው ጥርት ያለ ምስል ሲያይ፣ ገደል ሥር ያለው «በረዶ» ያያል። ረጅሙ የአንቴና ዘንግ በጣሪያ ላይ፣ አንድ ልጅ ከሥሩ ቆሞ ሲያዞረው፣ ከቤት ውስጥ «መጣ! አይ፣ ሄደ! መልሰው!» የሚለው ድምፅ የዚያ ትውልድ የጋራ ትዝታ ነው።

በዚያ ዘመን ምንጩ አንድ ነበር፤ ሰዓቱንም የሚወስነው ጣቢያው ነበር። ባለ ቴሌቪዥኑ ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል። ሣጥኑ በሳሎን ቡፌ ላይ ይቀመጣል፤ ዳንቴል ይለብሳል፤ ሲጠፋ እንደ ታቦት ይሸፈናል። የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ። አባባ ተስፋዬ ከጣቢያው ጅማሬ አንሥቶ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ አንድ ቴሌቪዥን የአንድ ቤት ሳይሆን የአንድ ሰፈር ነበር። ልጁ ስንት ሰዓት ላይ ማን ቤት መሄድ እንዳለበት ያውቃል፤ የቤቱ እመቤትም ቡናዋን ከዜናው ጋር ታስተካክላለች።

ቀጥሎ የቪዲዮ ክር መጣ። ይህ ከምንጩ ይልቅ ሰዓቱንና ጎተራውን የለወጠ ፈጠራ ነው። የጃፓኑ ጄ.ቪ.ሲ. ኩባንያ ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለውን ክር እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ካቀረበ በኋላ፣ በየከተማው ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ። አንድ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በበሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ በሳንቲም የሚገቡ ልጆች፣ የሕንድና የካራቴ ፊልም። በሌላ በኩል ሠርጉን በቪዲዮ የሚያስቀርጽ ቤተሰብ በዛ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወሎ ሰው የራሱን ምስል በራሱ ቤት፣ በራሱ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠ። ሠርጉ፣ ሰደቃው፣ የመውሊዱ መንዙማ፣ የጥምቀቱ ጭፈራ፣ አሁን በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ምርቃት በእነዚያ ጥቁር ክሮች ላይ ተቀምጠዋል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ፕላዝማ፦ የማይጠብቀው መምህር

ጠፍጣፋው ስክሪን ወደ አካባቢያችን የገባው በሀብታም ሳሎን በኩል ነው ብለን ልናስብ እንችላለን። ለአንድ ትውልድ ግን በመማሪያ ክፍል በኩል ነው የገባው። ከ1997 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሀገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ተጀመረ፤ በክፍሎቹ ውስጥ ትልልቅ ስክሪኖች በብረት ሣጥን ተቆልፈው ተተከሉ። «ፕላዝማ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ጠልቆ የገባው በዚህ መንገድ ነው። የፕላዝማ ቴክኖሎጂ ራሱ አልፎበታል፤ ፓናሶኒክ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ማምረቱን አቁሟል። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ኤል.ኢ.ዲ. ነው፤ ገዢው ግን አሁንም «ፕላዝማ አለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህ መድረክ ፊት ከተቀመጡት ወጣት መምህራን ብዙዎቹ የዚያ ትምህርት ልጆች ናቸው። የሚያስታውሱትንም አውቃለሁ። መምህሩ በስክሪኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ያቀርባል፤ ጥቂት ሰከንዶች ይሰጣል፤ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፋል። ሃምሳና ስድሳ ተማሪ እስክሪብቶ እንዳነሣ ይቀራል። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ሄደ፤ ተመልሶ አይመጣም። ምንጩ ሩቅ፣ ሰዓቱ የማይለወጥ፣ ጎተራው ደግሞ የሌለ ነበር። አሳቡ በጎ ነበር፤ በቂ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት ሁሉ እኩል ትምህርት ለማድረስ የታለመ ነው። የጎደለው «ቆይ» የማለት መብት ነው። ዛሬ ተማሪው በስልኩ ላይ ትምህርቱን አቁሞ፣ መልሶ፣ ሦስት ጊዜ ሲያዳምጥ፣ ታላቅ ወንድሙ ያላገኘውን ነገር እያገኘ ነው። በመረብ የሚመጣ ምስል፣ እኛ ስትሪሚንግ የምንለው፣ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ከምስሉ ጥራት ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

ፊቱን ያዞረ ሳህን

ዲሽ የተራራውን ችግር በአንድ ጊዜ ሻረው። ሞገዱ ከሰማይ ስለሚመጣ ጉብታ አያግደውም። በየጣሪያው ሳህን በቀለ፤ ወሎ ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር ያለው የቆየ የንግድ፣ የሃይማኖትና የስደት ትስስርም በመስኮቱ ታየ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እኅቶች በላኩት ገንዘብ ቴሌቪዥን የገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በረመዳን የመካ ሶላት በቀጥታ ይታያል፤ ልጆች የዓረብኛ ካርቱን እያዩ ቃላት ይለቃቅማሉ፤ ወጣቱ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ፍለጋ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ወዳለበት ቤት ይሄዳል።

ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚታዩት በአብዛኛው ከናይልሳት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ ማስተላለፍ ሲጀምር፣ የሀገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ባህላችንና ገበያችን ይጎዳል ብለው ተቃወሙ። የቡና ሰዓት ተለወጠ፤ አቦል ሲቀርብ የቱርክ ቤተሰብ ጭቅጭቅ አብሮ ቀረበ። ክርክሩ በምንጩ ላይ ነበር፤ ምስሉ የማን ነው የሚል።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በተባለው መድረክ አማካይነት ወደ ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሳተላይት ተዛወሩ። ይህ በወረቀት ላይ የአስተዳደር ውሳኔ ነው፤ በደሴ ጣሪያ ላይ ግን የጂኦሜትሪ ጉዳይ ሆነ። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሚገኝ፣ ከደሴ ሲታይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ከአድማስ በላይ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አዲሱ ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ፣ ሳህኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ከ65 ዲግሪ በላይ ቀና ማለት ነበረበት። ዲሽ ሠሪዎች ለሳምንታት ከጣሪያ አልወረዱም። የሁለቱም ፍላጎት ያለው ሁለት ሳህን ተከለ፤ አቅም ያነሰው ከሁለቱ አንዱን መረጠ። በአንድ ሰፈር ጣሪያ ላይ ሳህኖቹ ወዴት እንደሚያዩ በመቁጠር ብቻ የቤተሰቦቹን ዝንባሌ ማጥናት ይቻል ነበር። የማኅበረሰብ ጥናት ተማሪዎች ይህን ሐሳብ ብትወስዱት ደስ ይለኛል።

ፍላሽ፣ መረብና መቋረጥ

ስትሪሚንግ ወደ እኛ የገባው ከኢንተርኔት በፊት በፍላሽ ነው ብል አትሳቁብኝ። ሙዚቃና ፊልም የሚያስጭኑ ትንንሽ ሱቆች በየመንገዱ ነበሩ፤ ደንበኛው ፍላሹን ሰጥቶ ዝርዝሩን ይመርጣል፤ ማታ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይሰካል። ሰዓቱን ተመልካቹ ወሰነ፤ ጎተራውም በኪሱ ሆነ። ሕጉ ግን ሌላ ነበር፤ የ1996 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የባለሥራውን መብት ይጠብቃል፤ በእነዚያ ሱቆች የከሰረው የእኛው ዘፋኝና የእኛው ፊልም ሠሪ ነበር። ዩቲዩብ በስልክ፣ ከስልክም ወደ ስማርት ቴሌቪዥን ሲሻገር ሱቆቹ ተዳከሙ። ኔትፍሊክስም እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አገልግሎቱን ወደ 130 አገሮች ሲያሰፋ ኢትዮጵያ ተካትታለች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ሆነው በቆዩባቸው ሳምንታት መብራት፣ ስልክና ኔትወርክ ተቋረጡ። ፋብሪካዎች፣ ጤና ተቋማት፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ ሙዚየምና ብዙ መኖሪያ ቤቶች ተዘረፉ። ቴሌቪዥን ለዘራፊ የተመቸ ዕቃ ነው፤ ቀላል፣ ጠፍጣፋ፣ ወዲያው የሚሸጥ። ስክሪን ግን ይተካል። አብረው የሄዱት ላፕቶፖች፣ ሀርድ ዲስኮችና ስልኮች ውስጥ የነበሩት የቤተሰብ ምስሎች አልተተኩም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ ስማርት ቴሌቪዥን የነበረው ቤት አንድ ትምህርት አገኘ። ከሩቅ ምንጭ የሚፈስ ምስል ቧንቧው ሲዘጋ ጠብታም አይተርፈውም። ፍላሽ ያለው ቤት ፊልም አየ፤ ዲሽ ያለው ዜና ሰማ፤ ሁሉን ነገር «ደመና» ላይ ያስቀመጠ ግን የልጁን የልደት ፎቶ እንኳ መክፈት ተሳነው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

የታሪክ መምህር ገበያ አይመራም ይባላል። ነገር ግን ከላይ የተናገርኩት ታሪክ ለገዢው የሚጠቅም ነገር ከሌለው፣ ለእኛም ብዙ አይጠቅመንምና ሦስቱን ጥያቄዎች ወደ ሱቁ ይዘን እንግባ።

ስለ ስክሪኑ ስፋት ያለው ነገር አጭር ነው። የስክሪኑ ሰያፍ ርዝመት በ1.6 ሲባዛ ተስማሚውን የመቀመጫ ርቀት ይሰጣል። 50 ኢንች ማለት 127 ሳንቲ ሜትር ነውና ሁለት ሜትር ርቆ ለሚቀመጥ በቂ ነው። በተለመደው የደሴ ሳሎን ውስጥ ከዚያ በላይ መግዛት ለእንግዳ ማሳያ እንጂ ለዓይን አይደለም። ከትርፉ ገንዘብ ጥሩ ስታቢላይዘር መግዛት ይሻላል፤ ስክሪንን የሚገድለው ብዙ ጊዜ እርጅና ሳይሆን ሄዶ የሚመለሰው መብራት ነው።

ስለ ምንጩ የምመክረው በአንድ ምንጭ ብቻ አለመታሰር ነው። የሳተላይት መቀበያ፣ የፍላሽ መሰኪያና የኤች.ዲ.ኤም.አይ. መሰኪያዎች ያሉት ስክሪን፣ በውስጡ የተጫኑት መተግበሪያዎች ቢያረጁም እንኳ ያገለግላል። መተግበሪያዎቹ ማርጀታቸው አይቀርም፤ ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በአንዳንድ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራት አቁሟል፤ ስክሪኖቹ ግን ደህና ነበሩ። ስለዚህ ስክሪኑን ለብዙ ዓመት፣ ከመረብ የሚያገናኘውን ትንሽ ሣጥን ደግሞ ለጥቂት ዓመት እንደሚገዙ አድርጎ ለይቶ ማሰብ ብልህነት ነው።

ስለ ሰዓቱና ስለ ወጪው ቀላል ስሌት እንሥራ። ለጥርት ያለ ባለ 1080 ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ያስፈልጋል። በ3,600 ሰከንድ ስናባዛና ለ8 ስናካፍል በሰዓት 2.25 ጊጋባይት ይሆናል። ባለ አራት ኬ ምስል በሰከንድ 15 ሜጋቢት ከወሰደ በሰዓት 6.75 ጊጋባይት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት በ1080 የሚያይ ቤተሰብ በ30 ቀን 135 ጊጋባይት ያፈሳል። በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ቤት ይህ የሚቻል አይደለም፤ የመደበኛ መስመር ኢንተርኔት ለሚያገኝ ቤት ግን የሚሞከር ነው።

ዋናው ነጥቤ ጎተራው ነው። ብዙ ሰው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። በቤት ውስጥ ያለ ራውተር ከውጭ ምንም መስመር ባይገባለትም ላፕቶፕን፣ ስልክንና ቴሌቪዥንን እርስ በርሳቸው ያገናኛል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንድ ቴራባይት ሀርድ ዲስክ ገጥሞ፣ እንደ ጄሊፊን ያለ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ቢጫንበት፣ ቤተሰቡ የራሱ ትንሽ ጣቢያ ይኖረዋል። ቴሌቪዥኑ ከዚያ ይመርጣል፤ ያቆማል፤ ይመልሳል። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ምንም አይጎድልበትም። አንድ ቴራባይት በዚያው በ1080 ስሌት ከ440 ሰዓት በላይ ይይዛል። የኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው ይችላል።

በዚህ ጣቢያ ውስጥ ምን ይቀመጥ? እዚህ ላይ ወደ ጥቁሮቹ የቪዲዮ ክሮች እመለሳለሁ። የቪ.ኤች.ኤስ. ክር ማግኔታዊ ነው፤ በጊዜ ብዛት፣ በእርጥበትና በአቧራ ምስሉ ይደበዝዛል። ማጫወቻውን የሚሠራ የመጨረሻው ታዋቂ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ማምረቱን አቁሟል። ክሩ ቢተርፍ እንኳ የሚያነበው መሣሪያ እያለቀ ነው። ሃያ ክር፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ቢሆን፣ 60 ሰዓት ነው፤ በ2.25 ሲባዛ 135 ጊጋባይት። ይህ ቁጥር ቀደም ብለን ያገኘነው ነው። አንድ ቤተሰብ በአንድ ወር ከሩቅ አፍስሶ የሚረሳው ልክ፣ የሃያ ዓመት ሠርጉን፣ ሰደቃውንና የሽማግሌዎቹን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ለማኖር ይበቃል።

በሁለት ዲስክ ይገልበጥ፤ አንዱ በደሴ፣ ሌላው በኮምቦልቻ ወይም በአዲስ አበባ ባለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. ያየነው ይህን ያስገድዳል። ሰው ከመቅረጹና ከማሳየቱ በፊትም ፈቃድ ይጠይቅ፤ በ1967 ዓ.ም. ያልተደረገው ይህ ነውና።

የታሪክ ትምህርት ክፍልም ከቤተሰቦች ጋር መሥራት ይችላል። ባቲና አምባሰል በእኛ አገር ስም የተጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ መንዙማው በየመስጊዱና በየዛውያው አለ፤ የአይጠየፍ አዳራሽን ወሬ ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንቶች ገና አሉ። እያንዳንዱ ተማሪ በዚህ ክረምት ከቤቱ አንድ ክር ብቻ ቢያስገለብጥ፣ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ከእናቱና ከአክስቱ ጠይቆ ቢጽፍበት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሌላ ዓይን ያልተቀረጸ የወሎ ምስል ክምችት ይኖረናል። ረሃቡ በዚያ ውስጥ ይኖራል፤ አንክደውም። ሠርጉም፣ ቡናውም፣ ሳቁም ይኖራሉ።

ስለዚህ ነገ ወደ ሱቅ የምትሄዱ ሰዎች ስንት ኢንች እንደሆነ ጠይቁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ቤት ገብታችሁ እናታችሁን «የሠርጋችሁ ክር የት ነው ያለው?» በሏት። ጥያቄ ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።